እንደ ምንጣፍ ወጥቶ የነበረው የሮደስ ሳሬ ቦታ ቦታውን እየጠፋ ነው (ሐይቅ አካባቢ)

የሐይቁ ወተት | ሐምሌ 15፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ነኝ፣ ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ። ሁለት የተዳቀሉ ላሞችና አንዲት ጊደር አሉኝ። ድርቆሽ እየገዙ ወተት መሸጥ አላዋጣ ስላለኝ ዘንድሮ ማሽላ ከምዘራበት መሬት አንዷን ጥማድ ለሮደስ ሳር ለቀቅኩ። ሁለት ኪሎ ተኩል ዘር በስንት ደጅ ጥናት አግኝቼ፣ ከአሸዋ ጋር አሽቼ፣ ሐምሌ 2 ቀን በተንኩት። ዝናቡም አላሳፈረኝም። በስድስተኛው ቀን መሬቱ አረንጓዴ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። እናቴ ሳትቀር መጥታ አይታ መርቃኝ ሄደች።

ከሐምሌ 12 ጀምሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ በመግቢያው በኩል የአንድ ሰሌን ስፋት ያህል ባዶ ሆነ። ዛሬ እንደዚያ ያለ ቦታ አምስት ቆጠርኩ። በታች በኩል ደግሞ፣ ውኃ በሚያቁርበት፣ ሳሩ ቢጫ እየሆነ ይተኛል። ጎረቤቴ «ዛሬ ነገ ሳትል እርጨው» ብሎ መርጫውን ከነመድኃኒቱ ሊያውሰኝ ነው። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ እስካሁን አልረጨሁም። የምታውቁ ካላችሁ ምን ላድርግ?

ሰብል ጥበቃ | ሐምሌ 15፣ ምሽት 3፡25

ወንድሜ፣ ጎረቤትህን አመስግነው፤ መርጫውን ግን ነገ እንዳትቀበለው። ሥራዬ የሰብል ጥበቃ ነው። ብዙ ሰው ሲከስር ያየሁት ተባዩ ከበላው ይልቅ በላተኛውን ሳያውቅ በረጨው ነው። ለትል የተሠራ መድኃኒት ፈንገስ አይነካም። ዘሩን ጉንዳን ወስዶት ከሆነ ደግሞ የምትረጨው ባዶ አፈር ነው።

ነገ ጤዛው ሳይረግፍ ውጣና ባዶው ቦታ ጠርዝ ላይ ተንበርከክ። መሃሉን ተወው፣ እዚያ የነበረው ነገር ጨርሶ ሄዷል። በላተኛው የሚገኘው የተበላው ካልተበላው ጋር በሚገናኝበት ነው። ቡቃያው ከመሬት ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ቅጠሉ አጠገቡ ከወደቀ፣ ወይም ግማሹ ወደ አፈር ተጎትቶ ከገባ፣ ቆራጭ ትል ጠርጥር። አፈሩን በጣትህ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር አድርገው፤ ቀን ቀን እዚያው ተጠቅልሎ ይተኛል። ቡቃያው አንገቱ ላይ፣ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት፣ እንደ ክር ቀጥኖና ቡናማ ሆኖ ከተኛ ግን የበላው የለም። በአፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ አበስብሶት ነው። ቅጠሉ ከዳርና ከዳር ተግጦ መሃል አጥንቱ ብቻ ከቀረ ተምች ወይም ፌንጣ ነው። ቡቃያው ከነአካቴው ከሌለ፣ ቁራጭም ካላገኘህ፣ ወፍ ወይም ጉንዳን ወይም መጀመሪያውኑ ያልበቀለ ዘር ሊሆን ይችላል።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ባትሪ ይዘህ ድገመው። ቀን የማታየውን ታያለህ። የታችኛውን ቢጫ ቦታ ለብቻው እየው፤ አንድ ማሳ ላይ ሁለት ችግር መኖሩ የተለመደ ነው። ያየኸውን ጻፍልን።

የሀርቡው አዛውንት | ሐምሌ 15፣ ምሽት 4፡02

አሰላሙ አለይኩም ልጆች። ልጄ ሰብል ጥበቃ ያለችው ልክ ነው፣ ጉንዳንን ንቀህ አትለፈው። እኔ ቃሉ ቆላ ውስጥ ነኝ። ካቻምና ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ደህና ካፊያ ጣለና ክረምቱ ገባ ብዬ ሮደስ ዘራሁ። ከዚያ ዝናቡ አሥራ ሁለት ቀን ቀረ። ዘሩ ደረቅ አፈር ላይ እንደተኛ ጉንዳኑ መንገድ አበጅቶ ሲመላለስ ከረመ። እኔ ወፍ ነው ብዬ ልጆች ማማ ላይ አስቀምጬ ወንጭፍ አስወነጭፋለሁ።

በኋላ አንዱን የጉንዳን ጉድጓድ አፍ ጎንበስ ብዬ ባየው የሮደስ ዘር ፀጉሩ፣ ያ ለስላሳ ገለባው፣ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ተከምሯል። ፍሬውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ገለባውን አውጥቶ ጥሎታል። አንድ እፍኝ ሙሉ ገለባ! ያን ቀን ያዘንኩት ሐዘን። አመድ ነሰነስኩበት፣ ለአንድ ሁለት ቀን ዞሮ ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው፦ መሬቱ በደንብ ሳይርስ፣ ዝናቡ ሳይደጋገም አልዘራም። ዘር እርጥብ አፈር ካገኘ በሳምንት ውስጥ ይነሣል፤ ከተነሣ ጉንዳኑ አይፈልገውም። ከዘራሁ በኋላም ጤፍ መሬት እንደምናስረግጠው በጎችን አንድ ሁለቴ አሳልፍበታለሁ። ዘሩ ከአፈሩ ይጣበቃል፣ ለለቃሚም አይመችም። በማረሻ ቀብሬ ጥልቅ ያደረግሁበት ዓመት ደግሞ ከናካቴው አልወጣም። የሮደስ ዘር ደቃቅ ነው፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አፈር አይሸከምም።

አብሽር ልጄ፣ ያንተስ በቅሏል። ከበቀለ ወዲያ መፍትሔ አለው።

ድለባ ኮምቦልቻ | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 1፡40

እኔ በዚህ አልስማማም። በ2009 መጤው ተምች የመጣ ጊዜ «እየለቀማችሁ ግደሉ» ተብሎ ሲለቅሙ የከረሙ ሰዎች በቆሏቸውን አጡ። ቀድሞ የረጨ ተረፈ። አንተ ጎንበስ ብለህ ስትመረምር ትሉ ሌላ አምስት ሰሌን ይበላል። አንድ ጥማድ መሬት ላይ አንድ መርጫ ምን ያህል ነው? እርጨውና ተገላገል።

ሰብል ጥበቃ | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 2፡15

ድለባ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ተምች ሲሆን ቀድሞ መርጨት ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እሱን አልክድም። የዚህ ሰው ሳር ግን በተምች ይሁን በሌላ ገና አልታወቀም። የሚረጨው ሳር ደግሞ ለላም የሚሰጥ ነው፤ ላሟ የምትሰጠው ወተት ለልጅ የሚጠጣ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ እንስሳ እንዳይበላው የሚታገድበት ቀን አለው፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በውሰት በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚመጣ መድኃኒት ላይ ያ ጽሑፍ የለም። ስሙ እንኳ አይታወቅም። ይህን አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ቀፎ የሰቀለ ሰው ብዙ ነው።

የሐይቁ ወተት | ሐምሌ 16፣ ምሽት 4፡30

እንዳላችሁኝ አደረግሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ተንበርክኬ ሳይ ቡቃያው በእርግጥም ከመሬት ልክ ተቆርጧል። አንዱ ቅጠል ግማሹ አፈር ውስጥ ተወሽቆ ጫፉ ብቻ ይታያል። ቀስ ብዬ ስስበው ከነጎታቹ መጣ! አመድማ መልክ ያለው፣ የትንሽ ጣቴን ግማሽ የሚያህል ወፍራም ትል። ስነካው ቀለበት ሆኖ ተጠቀለለ። በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ አራት አገኘሁ። ማታ በባትሪ ስወጣ ደግሞ ከአፈር ወጥተው ሲቆርጡ በዓይኔ አየኋቸው። ሚስቴ ባትሪ እየያዘችልኝ አርባ ያህል ለቅመን ለዶሮ አቆየን።

የታችኛው ቦታ ሌላ ነው። እዚያ ትል የለም። ቡቃያው ሲነቀል ያለ ምንም ኃይል ይመጣል፣ አንገቱ እንደ ክር ሆኗል፣ ሥሩ ቡናማ ነው። እሱ ጋ ዘሩን ሳልመጥን ጨምሬ ነበር የበተንኩት፣ ውኃ ስለሚተኛበት ብዙው አይበቅልም ብዬ።

ሰብል ጥበቃ | ሐምሌ 17፣ ጠዋት 12፡50

ጎበዝ። አሁን መነጋገር ይቻላል።

ቆራጭ ትሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መሬቱን መጨረሻ ያረስከው መቼ ነው? አረሙ አረንጓዴ እያለ አርሰህ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ዘርተህበት ከሆነ ነገሩ ተገኘ። የእሳት እራቷ እንቁላሏን የጣለችው ከመዝራትህ በፊት በነበረው አረም ላይ ነው። አረሙን ስትገለብጠው ትሉ አልሞተም፣ ምግቡን አጣ። ጥቂት ቀን ጾሞ ከቆየ በኋላ ለስላሳ የሮደስ ቡቃያ አቀረብክለት። ለከርሞ የመጀመሪያውን እርሻ ቀደም አድርገህ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት መሬቱን ከአረም ንጹሕ አድርገህ ብታቆየው አብዛኛው በረሃብ ያልቃል፤ የተገለበጠውንም ወፍ ይለቅመዋል።

ለአሁኑ የጀመርከውን ቀጥል። ማታ ማታ የታረመ እርጥብ አረም በየባዶው ቦታ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ክምር አድርግ። ትሉ ሲነጋ መሸሸጊያ ፍለጋ እዚያ ሥር ይገባል፤ ጠዋት ክምሩን አንሥተህ ትለቅማለህ። ሰዎች ፉርሽካ በሞላሰስ ለውሰው መድኃኒት ጨምረው ምሽት ላይ የሚበትኑበት ዘዴም አለ፣ ይሠራል። ላምና ዶሮ ፉርሽካ የሚበሉበት ቤት ግን አልመክረውም። ትሉ አድጓል፤ የደለበው ወደ ሙሽሬነት (አፈር ውስጥ ተኝቶ ወደ እሳት እራት ወደሚለወጥበት ደረጃ) ሊገባ ነው፣ ከዚያ በኋላ መቁረጡን ያቆማል። አምስት ስድስት ሌሊት ከበረታህ ታልፈዋለህ። ባዶው ላይ ድጋሚ ለመዝራት ትሉ ማነሱን ጠብቅ፤ ከሐምሌ 25 ግን አታሳልፍ፣ ሳሩ ዝናቡ ሳይወጣ ሥር መያዝ አለበት።

ስለ ታችኛው ቦታ ጃማና ወረኢሉ ያሉ ሰዎች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ደገኛዋ ከጃማ | ሐምሌ 17፣ ቀን 7፡20

እውነት ነው፣ ይሄ የእኛ ችግር ነው። ጃማ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ እንደ ሊጥ ይሆናል። የመጀመሪያ ዓመት አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅዬ ዘርቼ ግማሹ እንዳንተ አንገቱ ቀጥኖ ተኛ። እኔም በሽታ ነው ብዬ የፈንገስ መድኃኒት ፍለጋ ስንከራተት የቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መጥቶ መሬቱን አየና «እህቴ፣ ቡቃያሽ ውኃ ውስጥ ቆሞ እየተነፈሰ አይደለም» አለኝ። ፈንገሱ ሁልጊዜም አፈሩ ውስጥ አለ፤ የሚያሸንፈው ቡቃያው ሲደክም ነው። ውኃ ሲተኛበት፣ ተጨናንቆ ሲበቅል፣ ብርድ ሲበረታበት።

መድኃኒት አልገዛሁም። ፈሰስ አወጣሁ። ከላይ ወደ ታች በየአምስት እርምጃው በማረሻ ፈሰስ ቀደድኩ፣ ዳር ላይ ካለው ቦይ አገናኘሁት። በማግስቱ ውኃው ሲንቆረቆር መስማት ደስ ይል ነበር። የሞተው አልተነሣም፣ መስፋፋቱ ግን በሳምንት ቆመ። አሁን በቢቢኤም፣ ሰፊ መደብ በሚያወጣው የእርሻ መሣሪያ፣ መደብ እያወጣሁ ነው የምዘራው፤ ሳሩ መደቡ ላይ ነው፣ ውኃው ቦዩ ውስጥ።

ወንድሜ፣ ውኃ በሚተኛበት ላይ ዘር መጨመርህ ነው የጎዳህ። በተጠጋጉ ቁጥር በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። ያን ቦታ ስትደግም ዘሩን ቀንሰው። ገና ያልተብላላ ፍግም ቡቃያው ሥር አታድርግ፣ ይብስበታል።

ጀማሪ አርቢ | ሐምሌ 17፣ ምሽት 1፡15

ይቅርታ ከርዕሱ ከወጣሁ። እኔ ዝሆኔ ሳር ነው የተከልኩት፣ ከዘመድ አምጥቼ። የተወሰኑት ጉቶዎች ቢጫ ሆነው ቅጠላቸው አንሶ፣ እንደ መጥረጊያ ብዙ ቀጫጭን አቆጥቁጠው ቀሩ። ማዳበሪያ ብጨምርበት ይሻለዋል?

ሰብል ጥበቃ | ሐምሌ 17፣ ምሽት 2፡00

አይሻለውም፣ ማዳበሪያህን አታባክን። የምትለው ሁሉ የዝሆኔ ሳር መቀጨጭ በሽታን ይመስላል። በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው፤ ከተክል ወደ ተክል ቅጠል መጣጭ ዝላይ ነፍሳት ያደርሱታል፣ ከአገር አገር የሚያዞረው ግን ሰው ነው፣ ከታመመ ጉቶ ቆርጦ ሲያካፍል። የሚድን አይደለም። ከነሥሩ ነቅለህ አቃጥለው፣ ዘመድህንም ንገረው፣ ከዚያ ማሳ ለማንም እንዳይሰጥ። ቁራጭ ስትወስድ ሁልጊዜ በእናቱ ተክል ዙሪያ ዞረህ እይ። ደሾ ሳርም ቢሆን ገንጥለህ ስትወስድ እንደዚሁ። ከተጠራጠርክ አንዱን ከነሥሩ ነቅለህ በጆንያ ኮምቦልቻ ወዳለው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ውሰደው።

የቆቦ ሜዳ | ሐምሌ 18፣ ጠዋት 3፡05

ድለባን ልደግፈውም ልቃወመውም ነው። ቆቦ ነኝ። እኛ በ2013 ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ማሽላችንን ሲጨርስ ያየን ነን፤ ሰማዩ ቡናማ ሆኖ፣ ሰው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሜዳ ላይ ያደረ ሕዝብ ነን። ለዚያ ዓይነቱ የአንድ ገበሬ መርጫ አይበቃም፤ የሚሻለው ሲታይ ቶሎ ማስታወቅ ነው።

ስለ ተምች ግን አንድ ነገር ላውጋችሁ፣ አዲስ ሳር የዘራ ሁሉ ይወቀው። የጥንቱ ተምች፣ ያ ጥቁሩ፣ የሣር ዘር ይወዳል፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ የግጦሽ ሳር። ጥራጥሬ አይነካም። ትል ሆኖ የሚቆየው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አረንጓዴና ደቃቃ ስለሆነ ማንም አያየውም። ብዙ ሆኖ ሲጠቁርና በሰልፍ ሲሄድ ታየዋለህ፣ ያኔ የቀረው ጥቂት ቀን ነው፤ የሚበላውን ግን በዚያች ጥቂት ቀን ነው የሚበላው። ስለዚህ ከደረቅ ወቅት በኋላ ዝናብ በጣለ በሳምንት ውስጥ ሳርህን በእጅህ ገለጥ ገለጥ አድርገህ እየው። መብራት ዙሪያ የእሳት እራት ሲበዛ ደግሞ ንቃ።

አባቴ የሚያደርገው ነበር፦ ተምቹ ከጎረቤት ማሳ እየተጓዘ ሲመጣ በድንበሩ ላይ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፍራል፣ ወደ እኛ ያለውን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ። ትሉ ይገባል፣ መውጣት ያቅተዋል፣ አፈር ይመልስበታል። ወጣት ተምች ከሆነና ቁጥሩ ከበዛ ግን እኔም እረጫለሁ፤ ግብርና ቢሮ ጠይቄ፣ አመሻሽ ላይ፣ ሳሩንም ለከብት የተባለውን ቀን ሳልጠብቅ አልሰጥም።

ድለባ ኮምቦልቻ | ሐምሌ 18፣ ጠዋት 3፡40

ይሄ ይገባኛል። ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ለቆራጭ ትል አርባ ለቅሞ ለዶሮ መስጠቱ ይሻላል።

ወገልጤና | ሐምሌ 19፣ ምሽት 2፡45

ከደላንታ ሰላምታ። ደገዛን የጠራው ሰው የለም እንዴ? በወሎ ስም የሚጠራ ፌንጣ መሰል ተባይ ነው እኮ። ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። እንቁላሉን አፈር ውስጥ ጥሎ በጋውን ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲገባ ይፈለፈላል። ታዳጊው የሚያድገው በድንበር ሳር ውስጥ ነው፣ ከዚያ ጤፉ ፍሬ ሲይዝ ወደ ማሳ ይገባል። አዲስ የሳር ማሳ ስታበጅ ከጤፍ አጠገብ ከሆነ ይህን አስብበት፤ ጠዋት በብርድ ሲፈዝ በእጅ መያዝ ይቻላል። እኛ ልጆች እያለን በቆርቆሮ እየሞላን ለዶሮ እንወስድ ነበር።

አጃ የምትዘሩ ደግሞ ቅጠሉን በጣታችሁ ጠረግ አድርጋችሁ ብርቱካናማ ዱቄት ከያዘባችሁ ዋግ ነው። በነፋስ ይመጣል እንጂ በዘር አይተላለፍም፤ ዘራችሁን አትጣሉ። ከመስፋፋቱ በፊት አጭዶ ድርቆሽ ማድረግ ነው የሚሻለው። ዛላው ጥቁር ዱቄት ከሆነ ግን አረማሞ ነው፤ ከዚያ ማሳ ዘር አትያዙ።

የሐይቁ ወተት | መስከረም 20፣ ምሽት 1፡30

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ምን ሆነ እያለ ስለጠየቀኝ ልጻፍ።

ሰባት ሌሊት ለቀምን። ቁጥሩ በየቀኑ ቀነሰ፤ በመጨረሻው ሌሊት ሦስት ብቻ አገኘን። ሐምሌ 23 ባዶዎቹን ቦታዎች ደግሜ ዘራኋቸው፣ የጎረቤቴ ልጆች በጎች አምጥተው አስረገጡልኝ። ጎረቤቴ ራሱ ማታ ባትሪ ይዞ መጥቶ አብሮን ለቅሟል፤ አሁን የራሱን ሽንብራ ሊዘራ ሲል አረሙን ቀደም ብሎ ገልብጦ ሲጠብቅ አየሁት። የታችኛውን ቦታ በሦስት ፈሰስ አፋሰስኩት። መበስበሱ ቆመ። ግን አንድ ጥግ ላይ አሁንም ራቁቱን የቀረ ቦታ አለ፣ እዚያ ቅንጬ አረም ቀድሞኝ ገባ። ሳያብብ ከነሥሩ እየነቀልኩ ነው፣ እጄን በላስቲክ ጠቅልዬ።

ሳሩ ጉልበቴ ደርሷል። ትናንት ጊደሯ ገመዷን በጥሳ ገባችበትና ደንግጬ ሮጥኩ። በአፏ ጎትታ ያነሣችው ሁሉ ቅጠሉ ብቻ ነው የተበጠሰው፤ ሥሩ መሬት ይዟል። በእጄም ጨብጬ ሞከርኩት፣ አልነቀል አለ። ባዶ የነበሩት ቦታዎች ላይ ያለው ግን ገና ከነሥሩ ይመጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ማንንም አላስገባበትም፣ ሲያብብ አጭጄ ነው የምሰጣት።

ሐጂ፣ የጉንዳኑን ነገር አልረሳሁትም። የራሴን ዘር ለመያዝ አስቤያለሁ፤ ለከርሞ ከመዝራቴ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አስቀምጬ ስንቱ እንደሚበቅል አያለሁ። እርስዎ ዘር ስንት ወር አቆይተው ነው የሚዘሩት?

የሀርቡው አዛውንት | መስከረም 20፣ ምሽት 3፡10

ማሻ አላህ ልጄ! እናትህ የመረቀችህ ደርሷል። አዲስ የታጨደ የሮደስ ዘር ወዲያው ብትዘራው አብዛኛው ይተኛል፣ አይነሣም። እኔ ኅዳር ላይ የሰበሰብኩትን በጆንያ ሰቅዬ፣ አየር እንዲያገኘው አድርጌ፣ ለሚቀጥለው ክረምት ነው የማወጣው። ጆንያውን መሬት ላይ እንዳታስቀምጠው ብቻ፣ ምስጥ አለ።